የማር አባት

«ልጄ ናት። ሰው ልጁን ያገባል እንዴ?» አለ ዘመነ። ጤናዬ ከችፕውዱ ማዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገው፤ ወረዳ ስብሰባ ላይ የሩብ ዓመት ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገረው። እሷም አልደነገጠችም። ጣቷ አንዲት ጠጠር ላይ ቆመ፣ ጠጠሯን አንሥታ መሬት ጣለቻት፣ ቀጠለች። ከአራት ወር ወዲህ እንዲህ ሆናለች፤ የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ የሰማችው ግን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ይቀራል እንጂ እሷ ዘንድ አይደርስም።

ቤቱ የአክስቷ የሸጊቱ ነው፤ ቤት ከተባለ። ደባርቅ መናኸሪያው ጀርባ በወር ሰባት መቶ ብር የሚከራይ አንድ ክፍል፣ ሸጊቱ ቱሪስት የሚያርፍበት ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ ባገኘችው የተራረፈ ችፕውድ ለሁለት የከፈለችው። ከወዲህ አልጋዋ፣ የዘይት ጀሪካኖቿና ጥግ ላይ የተከመረ ድንች፤ ከወዲያ ለዛሬ ብላ ከሆቴሉ የተዋሰቻቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ችፕውዱ ጣሪያ አይደርስም፣ መሬትም አይነካም። ከሥሩ ባለው ክፍተት ጤናዬ የሰዎቹን እግር ታያለች። አባቷ ገብረ ኪዳን በረባሶውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር አግብቶታል፤ የሰው ቤት ሲገባ ልማዱ ነው። የሽማግሌው የመሪጌታ ሚናስ ሸራ ጫማ አለ። ከፊት ለፊታቸው የአቶ ላቀው ቡናማ ቆዳ ጫማ፣ ከጎኑ የዘመነ ነጭ ስኒከር። ስኒከሩን ታውቀዋለች። ጎንደር አራዳ አብረው ነው የገዙት፤ ባለሱቁ ስምንት መቶ ሃምሳ ሲል ተከራክራ ሰባት መቶ ያስገባችው እሷ ናት።

ነገሩ ቀላል ነበር። ገብረ ኪዳን ባለፈው ሳምንት ከአምቢኮ ወርዶ፣ መሪጌታን አስከትሎ፣ ዳባት አቶ ላቀው የእህል መጋዘን ድረስ ሄዶ ነበር። አቶ ላቀው የዘመነ አጎት ናቸው፤ ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው። የሄዱበትም ጉዳይ አንድ ነው፤ ልጅቷ አርግዛለች፣ ዘመነም የእኔ አይደለም አላለም፣ እንግዲያው ሆዷ ሳይገፋ ወግ ባለው መንገድ ይውሰዳት። አቶ ላቀው ከገብስ ጆንያዎቻቸው መሐል ሳይነሡ ሰሟቸውና መልሱን ደባርቅ ይዘን እንመጣለን አሉ። ዛሬ ቅዳሜ፣ ግንቦት አጋማሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘውት መጡ። መልሱ ይኸው ነው፤ ልጄ ናት።

«ልጄ» የሚላት ሰው በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣታል። ሁለቱ በተማሩበት ኮሌጅ ውስጥ «ቤተሰብ» የሚሉት ነገር አለ። አዲስ ተማሪ ሲገባ ትልልቆቹ ይከፋፈሉታል፤ አንዱ የግቢ አባት፣ አንዷ የግቢ እናት ይሆናሉ፣ ከሥራቸው አምስት ስድስት ልጅ ይሰበስባሉ፣ ልጆቹ በተራቸው በሚቀጥለው ዓመት ይወልዳሉ፣ አያትና ቅድመ አያት ይመጣል። ቤተሰቡ ስም አለው፣ ቲሸርት አለው፣ ካፌ ውስጥ የማይነካ ጠረጴዛ አለው። ያለፈው ዓመት ፈተና በእጁ ነው። መምህሩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ፣ ቢሮው ብቻዋን የምትገባ ሴት ምን እንደሚገጥማት የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ የሌለው ተማሪ ትሪውን ይዞ ቆሞ የሚቀመጥበትን ይፈልጋል። ጤናዬ ከአምቢኮ በአይሱዙ ወርዳ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጀሪካን ጥሬ ይዛ ስትገባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከበር ጠባቂው በቀር ያናገራት ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ዘመነ መጣ። «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። የገብረ ኪዳን ስትለው ሳቀ። «እሱን አይደለም፤ እዚህ የማን ነሽ?»

ቤተሰቡ አንድ ሕግ ነበረው፤ አባት ልጁን አይነካም፣ ወንድም እህቱን አይጠይቅም። ይህን ሕግ በየሴቶች ዶርሙ እየዞሩ የሚያስረዱት ራሳቸው ወንዶቹ ናቸው። ገብረ ኪዳንም ልጁን በሕጉ ላይ አምኖ ነው የተወው። አንደኛ ዓመት ሳለች ለገበያ በወረደ ጊዜ ግቢው በር ላይ ዘመነን አስተዋወቀችው፤ ልጁ ዝቅ ብሎ ጉልበቱን ሳመና «እርስዎ እዚያ አባቷ ነዎት፣ እኔ እዚህ» አለው። ሰውዬው በልቡ ኮራ። ከዚያ ወዲህ ጤናዬ ከዘመነ ጋር ጎንደር ብትሄድ፣ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ድረስ ለሽርሽር ብትወጣ፣ የት ነበርሽ ብሎ አልጠየቀም። ሕጉ የጸናው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ነው። ሲፈርስ፣ «ማሩስ?» ብላ ጠይቃው ነበር፤ ያኔ ዘመነ ፀጉሯን እየደባበሰ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው ጤንዬ ብሎ አሳቃት።

አሁን ከችፕውዱ ወዲያ ስለዚያው ማር እየተነጋገሩ ነው። ሌሎቹ ቤተሰቦች አዲስ ልጅ ሲቀበሉ ሻማ ያበራሉ፣ ኬክ ይቆርሳሉ። ዘመነ ግን ባህላችንን ማስተዋወቅ አለብን ብሎ ተነሣ። ባዕድ ልጅን በአውራ ጣት ማር አስልሶ የራስ ልጅ የማድረግን ወግ ከአንድ አዛውንት ሰምቶ፣ እሑድ ከሰዓት ከካፌው ጀርባ ልጆቹን ደርድሮ፣ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ እየነከረ አስላሳቸው። ስልክ ተደግኖ ነበር። የተማረው የአገራችን ሰው ባህል የሚለው ይህን ነው፤ አያቶቹ ሕይወታቸውን ያሰሩበትን ነገር አንሥቶ ለፎቶ ያውለዋል፣ ዕዳ ሲመጣበት ደግሞ ከባህሉ ኋላ ተደብቆ ይገኛል። አቶ ላቀው ስለ ማሩ የሰሙት ባለፈው ሳምንት ነው፤ የሰሙትም ከዘመነ ነው። እህል ነጋዴ ናቸውና የሚጠቅመውን ከገለባው መለየት አላስቸገራቸውም።

ምስክር አምጥተው ነበር። ዓለምብርሃን የምትባለው፣ የግቢ እናቷ የነበረችው፣ አሁን ደባርቅ አንደኛ ደረጃ የምታስተምረው። ጤናዬ በክፍተቱ ቀጫጭን ቁርጭምጭሚቷን አየች፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጠላልፏል። ያየሽውን ተናገሪ አሏት። ሦስተኛዋ ተሰላፊ ጤናዬ ነበረች፣ ማር ልሳለች፣ አባቢ ብላ ጠርታዋለች፣ ሁላችንም አጨብጭበናል አለች። ፎቶው አለ ብላ ስልኳን አወጣች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አባቷ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ቆየ። ገብረ ኪዳን ፎቶ ሲያይ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ እንደ መስታወት ወደ ብርሃን አዘንብሎ ነው የሚያየው። ምን እንዳየ ታውቃለች፤ ልጁ የሰው አውራ ጣት በአፏ ይዛ ትስቃለች።

«እንግዲህ እኔ ያገሩን ወግ አላስተምራችሁም፣» አሉ አቶ ላቀው። «አንተ ነህ የምታውቀው ገብረ ኪዳን። አምቢኮ ውስጥ ማር የላሰ ልጅ ምንድን ነው? አንተው ፍረድ።»

ሸጊቱ ከወዲህ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ሽንኩርት የያዘችበት እጇ በአየር ላይ ቀረ። ወንድሟ የሚመልሰውን ያወቀች መሰለች። ጤናዬም ታውቃለች። ገብረ ኪዳን የወለደውን አባት አያውቀውም። በአንድ የድርቅ ዘመን ከበየዳ ወገን በእናቱ ጀርባ ላይ መጥቶ፣ እናቱ አምቢኮ ቤተክርስቲያን ቅጥር ሥር ስትሞት፣ የሸጊቱ አባት አንሥቶ ቤቱ አስገባው። ልጅ አልነበረውም ያኔ። ጎረቤት ጠርቶ፣ ቄስ ጠርቶ፣ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው። ሸጊቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ተወለደች። ሰውዬው ሲሞት መሬቱን እኩል አካፈላቸው፤ አንድም ሰው አንተ ባዕድ ነህ ብሎት አያውቅም። የሚያርሰው ቁራሽ መሬት፣ ቱሪስት የሚጭንበት በቅሎ፣ መቃብሩ የሚሆነው አፈር፣ ሁሉም በዚያ አንድ ጣት ማር የመጣ ነው። አቶ ላቀው ይህን ያውቁ እንደሆነ ጤናዬ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሳያውቁ ግን የሚጠይቁ አይመስላትም።

 ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ የገበያ በግ አለቀሰ፣ መሪጌታን አሳላቸው። አባቷ መውጫ ነበረው። የተማሪ ቀልድ ነው፣ ቄስ የለበት፣ ጎረቤት የለበት ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ማንም የተማረ ሰው ይለው ነበር። በአባቷ ቤት ግን ማር የሚፈርስ ነገር ከሆነ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰው ሰው የሰው መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

«ማር ማር ነው፣» አለ በመጨረሻ። «የላሰ ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለቀ። አቶ ላቀው ሰማችሁ አሉ። መሪጌታ ወገባቸውን እያሹ በግዕዝ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ከዚያ በአማርኛ ነገሩ ከባድ እንደሆነ፣ አባትና ልጅ ናቸው ከተባለ ጋብቻው እንደማይሆን፣ ልጁም ትልቅ ኃጢአት ሠርቷልና ንስሐ እንደሚገባ ተናገሩ። ንስሐው አርባ ቀን ጾምና ስግደት ሆነ። ልጅቷ ደግሞ ሆዷ ሰው ዓይን ውስጥ ሳይገባ ዛሬውኑ አምቢኮ ትውጣ፣ ምርቃቱ ለከርሞ ይደርሳል። አንድ ወር የቀረው ሦስት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ ማንም ለሷ አልጠየቀላትም። ዘመነ ከእግዚአብሔር ጋር ታርቆ ሰኞ ጠዋት ወረዳ ቢሮ ሥራው ይገባል። ሕጉን አፍርሶ አስረገዛት፣ አሁን ሕጉን አንሥቶ ተጠለለበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለሕግ አንገቱን የደፋ ሰው መስሎ የታየው እሱ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹም ጨዋ ልጅ ነው አሉ።

«ትጠራና ጉልበት ትሳም፣» አሉ አቶ ላቀው። «ቂም እንዳይቀር።»

ሸጊቱ ሰፌዱን ከጤናዬ ጭን ላይ አነሣችና ነጠላዋን አስተካከለችላት። «ግቢ የኔ እናት፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ስመሽ ውጪ።» ጤናዬ ችፕውዱን ዞራ ገባች። ጠዋት እግር ብቻ የነበሩት ሰዎች አሁን ፊት አላቸው። የመሪጌታን ጉልበት ሳመች፤ ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሷት። የአቶ ላቀውን ሳመች፤ የገብስ አቧራ ይሸታሉ። አባቷ ጋር ስትደርስ ጉልበቱን ወደ ኋላ ሰበሰበው፤ አልሰጣትም። ዘመነ ቀረ። ተነሥቶ ሊያቅፋት ቃጣ፣ አጎቱ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«አባትሽ ነው፣» አሉ፣ «ሳሚ።»

ጎንበስ ብላ የዘመነን ጉልበት ሳመች። ጂንሱ አዲስ ነው። ቀና ስትል ራሷ የማታውቀው ድምፅ ከአፏ ወጣ፤ ያው የሱ የሪፖርት ድምፅ ነበር።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«አባት የሌለው ልጅ ሲወለድ በማን ይጠራል?»

መሪጌታ ወደ ገብረ ኪዳን፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ። «በእናቱ አባት ነዋ። ሁሌም እንዲያው ነው።»

«የእኔ አባት ዘመነ ነው ተባለ።»

 ዓለምብርሃን መጀመሪያ የገባት ነበረች፤ የተጠላለፉት እግሮቿ ተፈቱ።

«ካገባኝ ልጁ በዘመነ ይጠራል፣» አለች ጤናዬ። «ካላገባኝም በዘመነ ይጠራል። ሲያድግ አያቱን ፍለጋ ዳባት ይመጣል። የልጅ ልጅ ነው፤ ከበር አይመለስም።»

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» አሉ አቶ ላቀው። ጥያቄው ለመሪጌታ ነበር። የዘመነ ፊት ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ የነበረው የስብሰባ ገጽታ በአንድ በኩል ሸሸ። ጤንዬ ነገር አታጣሚ፣ ይሄ እኮ ምሳሌያዊ ነው፣ የግቢ ነው አለ። «የግቢ» ሲል ራሱን ሰማው። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ቆሙ። እድሜ ልካቸውን የሰው ነገር ሲዳኙ የኖሩ ናቸው፤ የገዛ ፍርዳቸው ወዴት እንደሚሄድ ማየት አልተሳናቸውም።

«ማሩን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ አቶ ላቀው፣» አሉ። «እኔ የተሰጠኝን ነው የመዘንኩ።»

ምሳ አልተበላም። ሸጊቱ ሙክት በሦስት ሺህ ብር ሲሸጥ ባየች ጊዜ ሙክቱን ተወችው፤ በዶሮ ነበር የተዘጋጀችው፣ ዶሮውም ድስቱ ውስጥ ቀረ። እንግዶቹ የዳባት ሚኒባስ ያመልጠናል ብለው ወጡ። ዘመነ በር ላይ ዞር ብሎ አያት፤ የሚላት ነገር እንዳለው ሁሉ አፉን ከፈተ፣ አጎቱ ቀድመው ስለነበር ተከተላቸው። ዓለምብርሃን ግን ወደ ኋላ ቀረች። ቦርሳዋን ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት ጤንዬ። አልዋሸሁም።»

«አልዋሸሽም፣» አለች ጤናዬ።

 ጤናዬ ከግቢ ይዛ የመጣችውን ዕቃ ሰበሰበች፤ ብርድ ልብሱ፣ ደብተሮቹ፣ ዋልያ የታተመበት የቤተሰቡ ቲሸርት። ቲሸርቱን ለአክስቷ ሰጠቻት፤ ሸጊቱ ለወጥ ቤት መጥረጊያ ይሆናል ብላ ተቀበለች። አሸንፋ እንደሆን ራሷን ጠየቀች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ከትናንትና ጀምሮ ይንቀሳቀሳል፤ እሱንም እንደ ሰው ወሬ ነው የሰማችው። ከዚያ የአባቷ ጉልበት ትዝ አላት፣ ወደ ኋላ የተሰበሰበው። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ዘመነ ስትናገር ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው ረስታው ነበር። ልጁ የዘመነ ነው ስትል፣ እኔ የገብረ ኪዳን አይደለሁም እያለች ነበር። ይሄ ደረሰ። ከአራት ወር በኋላ እሷ ዘንድ የደረሰ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ቦታ ስላጣችለት ደረቷ ላይ ቆመ።

ወደ ጨነቅና አምቢኮ የሚወጣው አይሱዙ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር የሚጭነው። አባትና ልጅ ከሸጊቱ ቤት እስከ መኪናው ድረስ ሳይነጋገሩ ሄዱ። እሱ ብርድ ልብሱን በትከሻው፣ እሷ ደብተሮቿን በእጇ። የገበያው ሰው ድንች በኪሎ ሰባት ብር ሆነ ብሎ ይጨቃጨቃል። አንድ የበቅሎ ጫኝ ጓደኛው ተራህ ማክሰኞ ነው ገብሬ፣ ፈረንጆች አሉ ብሎ ጮኸለት፤ እጁን ብቻ አነሣ። አይሱዙው ጎን ዋሴ ቆሟል፤ የፓርኩ ስካውት፣ ጠባቂ የነበረ፣ አሁን ጠመንጃውን አስረክቦ የተሳፋሪ ስም የሚጽፍ፣ ጢሙ የነጣ ሰው። ሃያ ዓመት ሳንቃ በር ላይ ከገብረ ኪዳን ጋር አንድ እሳት ሞቀዋል። ጤናዬን ሲያይ ሳቀ፣ ተማሪዋ ትመረቂ የለ እንዴ አላት፣ መልስም ሳይጠብቅ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ጤናዬን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከተወለደች ጀምሮ የማን እንደሆነች ያውቃል።

ገብረ ኪዳን ማንበብ አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ ስሙን። የበቅሎ ተራ ዝርዝር ሲለጠፍ ሃያ ዓመት እያየው የኖረው ነውና፣ እንደ በቅሎው ጠባሳ ከሩቅ ይለየዋል። ብርድ ልብሱን መሬት አስቀመጠና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ፤ ጤናዬ ገብረ ኪዳን።»

«ሰርዘው።»

ዋሴ ቀና አለ። ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፣ ፊቱን አይቶ ተወው። «ምን ሆነሃል ገብሬ? ልጅህ አይደለችም እንዴ?»

«ሽማግሌ ተቀምጦበታል። እኔ የሽማግሌ ነገር አላፈርስም።» ወደ ጤናዬ አላየም። ወደ ዳባት የሚወስደውን መንገድ ነበር የሚያየው፣ ሚኒባሱ ከሄደ ቆይቷል። «ዛሬ በእኔ ከተጻፈች፣ ነገ እነ ላቀው ፍርዱን ያልነበረ ያደርጉታል። ዘመነ በለው።»

እስክሪብቶው መጀመሪያ አልጽፍ አለ። ዋሴ ጫፉን እጁ መዳፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸው። ከዚያ ገብረ ኪዳን የሚለውን በአንድ መስመር አለፈበት፣ ከበላዩ ሌላውን ጻፈ፣ ወረቀቱን አጠፈ። አባቷ ወረቀቱ ኪስ እስኪገባ ድረስ ተከተለው፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን አንሥቶ የመኪናውን ጎማ ረግጦ ወጣ፣ ከገብስ ጆንያዎቹ መሐል ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ጤናዬ አውራ ጣቱን ይዛ ወጣች።